ያልዋለችው ዓርብ

ሐሙስ ማታ ተኝተው ቅዳሜ ነቁ፤
በር ሳይሰበር፣ ውሻ ሳይጮህ፣ ዓርብን ተነጠቁ።
ዶሮው አልዘገየም፣ ማዕበሉ አልተዛነፈ፣
የግድግዳው ሰዓት ቆጠረ እንጂ አላረፈ፤
ቀኗ ብቻ ወለቀች ከመቁጠሪያው ላይ
እንደ ላላ ጥርስ፣ ያለ ደም፣ ያለ ሥቃይ።

አገሩ ሳሞአ፣ ደሴቱ ሳቫይ፣
መንደሩ የምዕራብ ጫፍ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያይ።
«የምድር ጭራ ነን» ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ፤
በአንድ ሌሊት የምድር ራስ ሆነው አደሩ ልጆቹ።
ምክንያቱ ንግድ ነው፤ ኦክላንድ ሰኞ ሱቁን ሲከፍት
እዚህ ገና እሑድ፣ ስልክ የሚያነሳ የሌለበት።
መስመሩን ጎተቱት ወደ ምሥራቅ፣ እንደ መረብ ገመድ፤
ዓርብ በቀዳዳው ሾልካ ወደ ጥልቁ ስትወርድ
ማንም አላያትም።

መምህርት ሲኔቫ ኮኮነት አንሥታ በከሰል አሰመረች፤
ልጆቹ ዝም እስኪሉ ጠብቃ ጀመረች፦
«እነዚህ ኬክሮስ፣ እንደ መቀነት የሚዞሩ፣
ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚኖሩ፤
እነዚህ ኬንትሮስ፣ ከራስ እስከ እግር የወረዱ፣
ወገብ ላይ ተራርቀው ዋልታ ላይ የሚዋደዱ።
ፀሐይ በአንድ ሰዓት ዐሥራ አምስቱን ትሻገራለች፤
ሃያ አራት ጊዜ ስትሻገር ዙሪያውን ጨረሰች።»
ማሊፋ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ፦
«ቀን የት ያልቃል? አዲሱስ ከየት ነው የሚመጣ?»
ኮኮነቷን አዞረች፤ ከሰሏን አየች፤ ቆመች።
«ሰው የተስማማበት ጋ» አለች።

ይህን ስሰማ ነው ቃላቴን ዳግም ያየሁት፦
ኬክሮስን የአገሬ ዘመን ቆጣሪ ቀድሞ የሚያውቀው በዕለት፣
ስልሳው አንድ ቀን ሲሆን፤ ኋላ ከጊዜ ወደ መሬት ተሰደደ።
በዚያች ሌሊት መሬት ስልሳውን ይዞ ሄደ።
ዓርብና ምዕራብም ከአንድ ግሥ ናቸው፣ ከዐረበ፣
ጠለቀ፣ ገባ ከማለት፤
መንደሩ ከምዕራብነቱ ሲሻር ዓርቡም አብሮ ዐረበ።

ኦፔታያና ታላታይና፣ የአንድ እናት ልጆች፣
አንድ ግቢ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ሁለት የቆርቆሮ ቤቶች፤
ሰንበታቸው ቅዳሜ ነው፣ ከአባታቸው ጀምሮ የጸና፣
ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚቀበሉት በምስጋና።
ዓርብ ከሌለች ታዲያ በየት በር ትግባ ሰንበት?
እሷ «መንግሥት ቅዳሜ ካለው ቅዳሜ ነው» አለችበት።
እሱ በጣቱ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፦
«እግዜር ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው አረፈ፤
አምስት ሠርቶ አይደለም! ማነው አንዷን ያራገፈ?»

ከዚያ ወዲህ እሷ ስታርፍ እሱ ምስማር ይመታል፤
እሱ ሲያርፍ የእሷ ልብስ አጠባ ይንቦጫረቃል።
ደወላቸው ባዶ የጋዝ ሲሊንደር፣ ከዛፍ የተሰቀለ፤
በሳምንት ሁለቴ ይጮሃል፣ አንዱም አልተቀበለ
የሌላውን ጥሪ።

በሰባተኛው ዓመት ስልክ መጣ ከፓጎ ፓጎ፣
ከመስመሩ ማዶ፣ ትናንት ካለበት፦
«ታላቃችሁ ልትሄድ ነው፤ ዐይኗ ቀርቷል እናንተን ፈልጎ።»
ለኦፔታያ ሰንበት ነው፤ ግን «በሬ ጉድጓድ ቢገባ
በሰንበት አይወጣም?» ብሎ ከእህቱ ጋር ጀልባ ገባ።
ከትንሿ አውሮፕላን ሲወርዱ እሑድ ቅዳሜ ሆኗል፤
ትናንት ያረፈችው ታላታይናን ዳግም ሰንበት ይጠብቃታል፤
ወንድሟ ዝም አለ። ማሸነፉ ግን ከአፉ ጥግ ይታያል።

ፋአፑሳ ከምንጣፏ ቀና ብላ
«ቀኑ ምንድን ነው?» አለች።
ታላታይና ወንድሟን አየች።
ሰባት ዓመት የተሟገተው አፍ
ተከፈተ፣ ተከደነ፣ ጥቂት ቆየና፦
«ዓርብ» አለ።

«እንግዲያው ገና ነው፤ ሰንበት ሳይገባ ጎደሬው ይብሰል።»

ታላታይና ተነሥታ ወጣች
እሳት ልታነድ፣ ድንጋይ ልታግል።